በአራተኛው ቦታ ያለችው

ኦን ቺ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳች ፍጥረትን ሁሉ ስትመርቅ ኖራ፣ በዚያ ዓመት ምርቃቱ አፏ ውስጥ ሞተባት።

ቃሉ አልጠፋትም። ቃሉማ እንደ ውሃ ይወርዳል። «በምሥራቅ ያሉ ፍጥረታት ከጠላት ይጠበቁ፣ ከሕመም ይጠበቁ፣ ደስ ብሏቸው ይኑሩ፤ በምዕራብ ያሉ…» እያለች አሥሩንም አቅጣጫ ትዞርና፣ ሲያበቃ የነሐስ ደወሏን ሦስት ጊዜ ትመታለች፤ የሰማ ሁሉ ከበረከቱ እንዲካፈል። ልቧ ውስጥ ግን ምንም የለም። አፏ ይመርቃል፣ ሐሳቧ ቅል ይከትፋል። በፓኮኩ ከተማ ገበያ ዳር ለጋ ቅል በዘይት እየጠበሰች የምትሸጥ ሴት ናትና «ይህ ዘይት ለነገም ይሆናል ወይስ ልድፋው?» እያለች ምዕራብን ጨርሳ ሰሜን ትገባለች።

እልኸኛ ስለሆነች መጀመሪያ ድምጿን ከፍ አደረገች። አልሆነም። ደወሉን ጠንከር አድርጋ መታች። አልሆነም። ሦስት ወር እንዲህ ከታገለች በኋላ እማሆይ ሱናንዳ ዘንድ ሄደች። እማሆይ ወንዙ ዳር ባለው የሴቶች ገዳም የሚኖሩ፣ ጥርሳቸው ያለቀ፣ ሮዝ ልብሳቸው በእጥበት ብዛት የነጣ አሮጊት ናቸው።

«ደረቀብኝ፣ እማሆይ።»

«ማንን ነው የምትመርቂው?»

«ፍጥረትን ሁሉ።»

«እሱማ ብዙ ነው። ፍጥረት ሁሉ ፊት የለው፣ ምኑን አይተሽ ትወጂዋለሽ? እንደ ጀማሪ ጀምሪ። መጀመሪያ ራስሽን፤ ቀጥሎ ውለታ የዋለልሽን፤ ሦስተኛ ወድደሽውም ጠልተሽውም የማታውቂውን፤ አራተኛ ልብሽን ያቆሰለውን። አንድ አንድ ሰው፣ መልኩን እያየሽ።»

«አራተኛው ላይ ነው የምቸገረው። እኔ ጠላት የለኝም።»

እማሆይ ድዳቸውን አሳይተው ሳቁ። «ታድለሽ። እስቲ ጎረቤትሽን ንዌ ዪን ጠይቂያት። እዚህ እየመጣች ለምርቃት መቀመጥ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ዛሬም አራተኛው ላይ ስትደርስ እንባዋ ይወርዳል። ደርቆባት አያውቅም።»

ንዌ ዪ ሸማኔ ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ዝምተኛ። ሁለቱ ሴቶች ሠላሳ ዓመት በአንድ የቀርከሃ ግድግዳ ተለያይተው ኖረዋል። ኦን ቺ ስትወልድ አራስ የጠየቀቻት፣ ስትታመም ገንፎ ያበላቻት እሷ ናት። ኦን ቺ በሁለተኛው ቦታ፣ በባለውለታው፣ ሁልጊዜ የምታስቀምጠው ንዌ ዪን ነበር።

እናም በሙሉ ጨረቃው ቀን ከሰዓት በኋላ ትኩስ ጥብስ በቅጠል ጠቅልላ ሄደች። ንዌ ዪ ሽመናዋን በጨርቅ ሸፍና፣ ስምንቱን ትእዛዝ ለቀኑ የያዙ ሰዎች የሚለብሱትን ቡናማ ነጠላ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«ይኸው፣ ሳይቀዘቅዝ ብዪ።»

«ዛሬ ከቀትር በኋላ አልበላም እኮ፣ እትዬ። በየሙሉ ጨረቃው ትረሺዋለሽ።»

«ለነገ ይሁንሽ። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለጥርስ ጥሩ ነው፣ ያታግላል።» ኦን ቺ ተቀመጠች። «እማሆይ ናቸው የላኩኝ። ምርቃቴ ደርቆብኛል። ያንቺ ግን እንደ እሳት ነው አሉ። አራተኛው ቦታ ማንን አስቀምጠሽ ነው?»

ንዌ ዪ የነጠላዋን ጫፍ ማጠፍ ጀመረች። «ተዪው፣ እትዬ።»

«ያ የበሰበሰ ክር የሸጠልሽ ሰውዬ ነው?»

«አይደለም።»

«አማትሽ ናታ። ሞታም አልለቀቀችሽም?»

«የሞተ ሰው እዚያ ቦታ አይገባም፤ ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ማን ነው? እኔን ትደብቂኛለሽ? እኔን?»

«ነገ ጠይቂኝ።»

«ለምን ነገ? ዛሬ ምላስሽ ጾም ነው?»

«ዛሬ መዋሸት አልችልም፤ ትእዛዝ ይዣለሁ።» ንዌ ዪ ቀና አለች። ሌላ ማምለጫ ቀርቶ እንደሆነ የምትፈልግ ይመስል በሩን አየች። «አንቺ ነሽ።»

ኦን ቺ ክው አለች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ደረቀ። ስታሾፍ ነው ብላ ጥቂት ጠበቀች፤ የንዌ ዪ ፊት ግን አልተፈታም።

«እኔ ምን አድርጌሽ?»

«ፖ ቱን ሲሞት።» ፖ ቱን ባሏ ነው። «አሥራ አንድ ቀን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ብቻ ሸለብ ያደርገዋል። ያኔ አንቺ ትጀምሪያለሽ። ልጄን ላክሁብሽ፤ ለጥቂት ቀን ደወሉን እንድትተዪልን።»

ኦን ቺ አስታወሰች። ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ ጣቷን እየነከሰች። «በረከት አይቀነስም» ብላ ነበር የመለሰቻት፤ «አባትሽ ይስማው፣ ለመንገዱ ስንቅ ነው።» ሊሞት ያለ ሰው ጆሮው ደግ ነገር እየሰማ ይሂድ ይባላል። ስለዚህ ደወሉን አንስታ ወደ እነሱ ግድግዳ አስጠግታ ሰቀለችው። ይህንን ደግሞ ገበያ ላይ ስንት ዓመት እንደ ጽድቋ አውርታዋለች።

«ለእሱ ብዬ እኮ ነው» አለች፤ ድምጿ የሌላ ሰው ሆነባት።

«አውቃለሁ። የከበደኝም ይህ ነው። ለክፋት አድርገሽው ቢሆን ሰድቤሽ ይወጣልኝ ነበር።» ንዌ ዪ ያጠፈችውን የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና፣ «መጨረሻ የተናገረውን ታውቂያለሽ? ልጆቹን አልጠራ፣ እኔን አልጠራ። ‹ይኸው፣ ጀመረች› አለ። በዚያው አለፈ።»

ኦን ቺ እንዴት እንደተነሳች አታውቅም። ጫማዋን በር ላይ ረስታ ባዶ እግሯን ቤቷ ገባች። መጀመሪያ የመጣላት ቁጣ ነው። ዘጠኝ ዓመት ጥብሴን ስትበላ! ዘጠኝ ዓመት «እትዬ» ስትለኝ! ተመልሳ ሄዳ ልትናገራት ተነሳች፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ያ «ይኸው፣ ጀመረች» የሚለው ቃል በፖ ቱን ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ገባ፣ ተመልሳም ተቀመጠች። የዚያን ቀን ማታ ዘይት ጥዳ ረሳችው፤ ቤቱ በጭስ ሲሞላ ነው የነቃችው።

በማግሥቱ እንደ ልማዷ ተነሳች። እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። የደወሉን መምቻ እንጨት አነሳች፤ እጇ እምቢ አለ። «በምሥራቅ ያሉ» ልትል አፏን ከፈተች፤ አፏም እምቢ አለ። ምሥራቅ ማለት ይህ ግድግዳ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የምሥራቅን ፍጥረት ስትመርቅ፣ ምሥራቅ ከዚህ ከቀርከሃው ይጀምራል ብላ አስባ አታውቅም።

ዝም ብላ ተቀመጠች። እሷ ዝም ስትል ጊዜ ሌላ ድምፅ ሰማች። ከግድግዳው ማዶ፣ ሹክሹክታ።

«ኦን ቺ ከጠላት ትጠበቅ። ኦን ቺ ጉልበቷን አይመማት። ዘይት አይርጭባት። የሸጠችው ይባረክላት…»

ኦን ቺ እንጨቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ድምፁ መሐል ላይ ይሰበራል፣ ጥቂት ያርፋል፣ እንደገና ይነሳል፤ ዳገት ላይ ሸክም እንደያዘ ሰው። «ኦን ቺ… ኦን ቺ ደስ ብሏት ትኑር።» ይህ ነገር በየማለዳው፣ ዘጠኝ ዓመት፣ እዚሁ ክንድ በማይሞላ ርቀት ሲባል ኖሯል። እሷ ደወል ስትመታ አልሰማችውም።

ከትናንቱ ይልቅ ይህ አስደነገጣት። መጥላቱንስ ሰው ይጠላል። እንዲህ እየከበዳት ግን፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትዘልላት መመረቋ!

«ንዌ ዪ» አለች ቀስ ብላ፤ ለመጣራት አልነበረም፣ ልትመርቃት ነበር። ስሙን ካለች በኋላ የሚቀጥለው ቃል አልወጣ አላት። የፖ ቱን ሳል ታወሳት፣ ልጅቷ ጣቷን ስትነክስ ታየቻት፣ ሦስት ወር ደርቆ የከረመው ዓይኗ ሞላ።

ግድግዳው ተንኳኳ። «እትዬ? ደወሉ ምነው? አሞሻል?»

«አላመመኝም።»

«አስደነገጥሽኝ እኮ።»

ኦን ቺ አፍንጫዋን ጠረገች። «ንዌ ዪ፣ አሁን ከዚያ ቦታ ታወጪኛለሽ?»

ዶሮ ጮኸ። ዛሬ ሙሉ ጨረቃው አልፏል፤ ንዌ ዪ ብትፈልግ መዋሸት ትችላለች።

«አላወጣሽም» አለች። «ገና ነኝ። ደግሞስ አንቺን ካወጣሁ ምርቃቴን በማን አሞቀዋለሁ?»

«ነገረኛ» አለች ኦን ቺ።

ከግድግዳው ሥር ቀርከሃው በስብሶ አንድ ጡብ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። ኦን ቺ ጎንበስ ብላ መምቻውን እንጨት በዚያ ገፋችው። «ያዢው። ደወሉ መመታት ያለበት ቀን ሲመጣ አንቺ ትሰጪኛለሽ።»

እንጨቱ ግማሹ ወዲያ፣ ግማሹ ወዲህ ሆኖ ጥቂት ቆየ። ኦን ቺ ጫፉን እያየች ጠበቀች። ከዚያ ትንሽ ተነቃነቀ፣ ቆመ፣ ቀስ እያለ ሄደ።