ወንዴ ይሙት

«ወንዴ ይሙት» የምትለው መሐላ ከአፌ አትጠፋም ነበር። መርፌው አያምም ለማለት ወንዴ ይሙት፤ ምሳ በልቻለሁ ለማለት ወንዴ ይሙት። ጎንደር ከተማ ውስጥ በነርስነት የምሠራበት የአጥንት ክፍል ያለ ሕመምተኛ ሁሉ ወንዴን ሳያየው ያውቀዋል። ታናሽ ወንድሜ ነው። እናታችን ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበርና ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሰው የሚምለው በሚወደው ነው፤ በእኛ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ዘንድሮ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ጨረሰና ከኮሶዬ ወዲያ ባሉ ቀበሌዎች ተመደበ። ሞተር ካልገዛሁ አይሆንልኝም አለ። እኔ ደግሞ ሞተር የምታመጣውን ጣጣ በየቀኑ በፋሻ ስጠቀልል ነው የምውለው። ተጨቃጨቅን፣ ሁለት ሳምንት ተኳረፍን፤ በመጨረሻ እኔ ሳላያት እንዳይገዛ አስምዬው እሺ አልኩ።

እግሩ ተሰብሮ ከእኛ ዘንድ የተኛ ዓለምነው የሚባል መካኒክ ነበር። እሱን ጠየቅሁት።

«ሲስተር፣ ሰላም ከማለትሽ በፊት ሞተሩን በእጅሽ ንኪው» አለኝ። «ሙቅ ከሆነ ቀድመው አስነስተውልሻል ማለት ነው። ቀዝቅዞ ሲነሣ ነው ጉዱ የሚታየው። ደግሞ ከመሪዋ ሥር አንገቷን በባትሪ እዪ። አንገቷ የተበየደ ሞተር ሰው ይበላል።» ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠራኝ። «ቁልቁለት ላይ ሳትነዳ እንዳትገዙ! አቀበት ጉልበቷን ብቻ ነው የሚያሳያችሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኮሶዬ ስንደርስ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ሻጩ ዋኘው ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ጋቢውን ተከናንቦ ከአስፋልቱ ዳር ካለው ቤታቸው ደጃፍ ቆሞ ጠበቀን። ሞተሯ ቀይ ናት፣ ታጥባለች፣ ታምራለች። ወንዴ ገና ሲያያት ዓይኑ በራ። እኔ በቀጥታ ሄጄ እጄን ሞተሩ ላይ አኖርኩ። ያቃጥላል።

«ምነው ሲስተር፣ ሰላምታም የለ?» አለ ዋኘው።

«ሞቃለች።»

«ብርድ አይደል? ላሙቃት ብዬ ነው እንጂ ለክፋት አይደለም።»

«እንግዲያው እስክትበርድ እንጠብቃለን።»

ወንዴ በኀፍረት አንገቱን ደፋ። ዋኘው ግን ደነገጠ። «እናቴ ኪዳን ሄዳለች፤ ሳትመለስ ብንጨርስ ሸጋ ነበር» አለና ወደ መንገዱ ተመለከተ። እናት ልጇ ሞተር ቢሸጥ ምን አስደበቀው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ተንኮሉን የደረስሁበት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ሞተሩ በረዶ ሆነ። ወንዴ በእግሩ መታት፤ አልተነሣችም። ደግሞ መታት። በሦስተኛው ተነሣች፤ ድምፅዋ የጠራ ነበር፣ ጭስም የላትም። የስልኬን መብራት አብርቼ ከመሪዋ ሥር አጎነበስሁ። አንገቷ ላይ ያለው ጥቁር ቀለም ከሌላው አዲስ ነው።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ዝገት ይዟት ቀባኋት።»

«ተጋጭታ ታውቃለች?»

«እኔ ልሙት ሲስተር! እኔ ይዣት አንድ ቀን ወድቃ አታውቅም።»

ሰውየው በራሱ ማለ። በመሐላ የማምን ሴት ነኝና አመንሁት። ወንዴ ጃኬቱን አውልቆ አሳቀፈኝ፤ የዋኘውን ሄልሜት አጥልቆ «እታለም፣ እስከ ታችኛው መታጠፊያ ደርሼ መጣሁ» አለና ቁልቁል ወረደ። ጉሙ ዋጠው፤ ድምፁ ብቻ ቀረ።

ሊብሬውን አምጣ አልሁት። ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። የባለንብረት ስም፦ ሐዲስ።

«ሐዲስ ማነው?»

«ወንድሜ ነው። የስም ዝውውሩን እኔ እጨርስላችኋለሁ።»

«እሱ የት ነው ታዲያ?»

«እዚህ የለም።»

ያን ጊዜ ነው ጆሮዬ ዘግይቶ የሰማው። እኔ ይዣት። ለምን እኔ ይዣት አለ? የወንዴ ሞተር ድምፅ ከታች እየቀጠነ ሄደ።

«ዋኘው፣ ይች ሞተር ተጋጭታ አታውቅም፤ ሐዲስ ይሙት በል።»

ጋቢውን ወደ አፉ ሳበ።

«ምን አለበት? ሐዲስ ይሙት በላ!»

«ሐዲስን ተይው ሲስተር።»

«በል እንጂ!»

«ሞቷል» አለ።

«በእሷ?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«የት?»

በአገጩ ወንዴ የወረደበትን አሳየኝ። «ከመታጠፊያዋ።»

ጋቢውን አንቄ ያዝሁት። ምን ብዬ እንደጮኽሁ አላውቅም። ወዲያው ለወንዴ ደወልሁ፤ ስልኩ እቅፌ ውስጥ ካለው ጃኬት ጮኸ።

«ስትፈጥን መሪዋ ይርገበገባል» ይላል ዋኘው፣ እንባው እየወረደ። «አስበየድኳት። ደህና ሆናለች አሉኝ። እኔ ግን አንድ ቀን ነድቻት አላውቅም፤ አልዋሸሁም ሲስተር፣ እኔ ይዣት አልወደቀችም።»

«ለሰው ልጅ ትሸጣታለህ? ወንድምህን የገደለችውን?»

«እናቴ በየጠዋቱ በነጠላዋ ትወለውላታለች። ለቅሶም ምግብም ትታለች። ከፊቷ ላርቃት ብዬ ነው።»

ጥዬው ወደ አስፋልቱ ሮጥሁ። የሞተሯ ድምፅ ጠፍቷል። ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን መታጠፊያው ጋርዶት አላወቅሁም። በሥራዬ ላይ ስንት እናት «ልጄ ደህና ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ ፊቴን አዙሬ ካርድ አነብብ ነበር። ቁልቁለቱን ጀመርሁት፤ ጥቂት ወርጄ መንገዱ ዳር ተንበረከክሁ።

ነጭ የለበሱ ሴትዮ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አሉ። ከኪዳን የተመለሱት የዋኘው እናት ነበሩ። ዋኘው ከኋላዬ «እማዬ፣ ግቢ፣ ወደ ቤት ግቢ» አለ። ሴትዮዋ ግን አልሰሙትም። አንገታቸውን ወደ ቁልቁለቱ አዘንብለው ቆመዋል።

ከዚያ እኔም ሰማሁት። ሞተሯ አቀበቱን እየወጣች ነው።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «መጣ» አሉ፤ ቀስ ብለው ነው ያሉት፣ ለማንም አልነበረም።

ቀይዋ ሞተር ከጉሙ ወጣች። ወንዴ አጠገባችን ሲደርስ አቆማትና ሄልሜቱን አወለቀ። ፊቱ አመድ መስሏል። «መሪዋ ጨፈረችብኝ፤ በመከራ ነው የያዝኳት» አለ። ሴትዮዋ ፊቱን አዩት። ለረጅም ጊዜ አዩት። ዋኘው ጋቢው ውስጥ ተደበቀ።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ወንዴ ነገሩ አልገባውም። ወደ እኔ በጣቱ አመለከተ። «የእሷ ነኝ፣ እማማ።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ገና ከመሬት አልተነሣሁም። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«እንግዲያው ይዘሽው ሂጂ» አሉኝ።

እሳቸው ራሳቸው ቁልፉን ከሞተሯ ነቀሉና በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት። ወንዴና ዋኘው ሞተሯን ድምፅ ሳታሰማ እየገፉ ወደ ግቢ አስገቧት። በዋኘው ልናደድ ፈለግሁ፤ ተናድጄም ነበር። ሆኖም በወንድሙ፣ ከሞተ በኋላ እንኳ፣ በሐሰት አልማለም፤ እኔ ግን ባሳደግሁት ልጅ ለሚኒባስ ወረፋ እንኳ ስምል ኖሬአለሁ።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ወንዴ እጄን ያዘ። «እታለም፣ ሌላ ሞተር አንቺ ሳታዪ ብነካ፣ እኔ ል…»

አፉን በመዳፌ ከደንሁት። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየን።

ሰኞ ዓለምነው ከአልጋው ላይ ጠበቀኝ። «እንዴት ሆነ ሲስተር? ገዛችሁ?»

«አልገዛንም።»

«አትቀልጂ፤ እውነትሽን ነው?»

«ወንዴ…» አልሁና ቆምሁ። ክፍሉ ሁሉ የቀረችውን ቃል ይጠብቃል። ፋሻውን አነሣሁ፣ እግሩን ቀና አደረግሁለት።

«ወንዴ ደህና ነው» አልሁት።