ባለ አስራ ሦስቱ ካርቶን

ልክ ነው እኮ፣ አስራ ሁለት ልክ ነው፣ ዶክተሩ ግን ወረቀቱ ላይ አንዲት ነገር ጫር ያደርጋል፣ አባባን ሰባትና ሰባት ስንት ነው አላቸው፣ አስራ ሁለት አሉ፣ እና ምን ይጠበስ? ከአባቷ ጎን ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ በሆዷ ትሟገታለች፣ ዛሬ ይሄን ጥያቄ ካለፉ አባባ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ካላለፉ ብቻቸውን መኖር አይችሉም ብሎ ይፈርማል፣ በቃ፣ የቤታቸው ቁልፍ እሷ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ብርጭቆ ፋብሪካ ካርቶን ያሸጉ ሰው ናቸው፣ የሚቆጥሩት በደርዘን፣ በአውራ ጣታቸው የአራቱን ጣቶች አንጓ እየነኩ፣ በየጣቱ ሦስት ሦስት፣ አስራ ሁለት ሲሞላ ካርቶኑ ይዘጋል፣ ካርቶኑ በግራ ይጻፋል፣ ትርፉ በቀኝ። አስራ አራት ብርጭቆ ማለት አንድ ካርቶንና ሁለት፣ አንድ በግራ፣ ሁለት በቀኝ፣ ይኸው ሲነበብ አስራ ሁለት። ልጅ እያለች እንዲሁ ጽፋ ኤክስ ተደርጎባት እያለቀሰች ስትመጣ፣ ተይ አታልቅሺ የኔ እናት፣ ብርጭቆው ልክ ነው፣ ካርቶኑ ነው የተለያየው አሏት። ዛሬ የሂሳብ አስተማሪ ሆና ቤዝ የሚባለውን ነገር፣ በአስር ፋንታ በሌላ ቁጥር እያሰሩ መቁጠርን፣ ለተማሪዎቿ የምታስረዳው በዚችው አባባል ነው፣ እንጀራዋ ሆናለች። ለዶክተሩ ልትነግረው አፏን ትከፍታለች፣ ይቀድማታል፣ ዘጠኝና ስምንትስ አባባ?

አስራ አራት።

ቆይ፣ አስራ ሰባት ነው፣ በደርዘን አንድ ካርቶንና አምስት፣ አይሆንም፣ አስራ ሦስት የሚይዝ ካርቶን ቢሆን ግን አንድ ካርቶንና አራት፣ አስራ አራት ይመጣል፣ ባለ አስራ ሦስት ካርቶን ደግሞ የት አለ፣ ለምን አይኖርም፣ መንገድ ላይ ለሚሰበረው አንድ ጨምረው ይሆናላ፣ ጠይቃቸው አታውቅም። እጃቸውን ታያለች፣ አውራ ጣታቸው አንጓ አይነካም፣ ጉልበታቸው ላይ ዝም ብሎ ተጋድሟል። ትፈራለች።

ስድስትና አምስት? ሃያ አንድ። ሐሳቧ ወዲያው ይሮጣል፣ አስራ አንድ በቤዝ አምስት፣ ሁለት አምስትና አንድ፣ ሃያ አንድ፣ ልክ ነው፣ ኧረ ልክ አይደለም፣ በቤዝ አምስት ስድስት የሚባል አሃዝ የለም፣ አራት ላይ ያበቃል፣ በየዓመቱ ስንቱን ልጅ በዚህ ነጥብ ቀንሳበታለች። ምን ነካት፣ ካርቶን እየቀያየረች እስከ መቼ ልትሸፍናቸው ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ ወረቀቱ ዶክተሩ ጋ ነው፣ ሞኟ እዚህ ተቀምጣለች።

ስንት ልጅ አለዎት አባባ፣ ይላል ዶክተሩ ለስለስ ብሎ።

አንድ። ሴት።

እፎይ፣ ይሄን ማንም አያጣምመውም፣ አንድ በየትኛውም ቤዝ አንድ ነው፣ በሁለትም በአስርም በደርዘንም፣ ካርቶን አይፈልግም፣ እሷ ናት፣ እሷን አልረሱም። እንባዋ ይመጣል፣ እጃቸውን ልትይዝ ስትል አባቷ ቀስ ብለው ይሰበስቡታል፣ ዞር ብለው በአክብሮት ያዩዋታል፣ ልጄ አሁን ትምህርት ቤት ናት፣ ይሏታል፣ እርስዎ አስተማሪዋ ነዎት?

አዎ፣ ትላለች። አስተማሪ ናት እኮ፣ ውሸት አይደለም።

አንዳንዴ በካርቶን ትቆጥራለች፣ ይላሉ፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት፣ አደራዎን፣ እሷን አይቆጧት።

አልቆጣትም፣ ትላለች። ዶክተሩ መጻፍ ይጀምራል፣ እሷ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ የቤታቸውን ቁልፍ ትጨብጣለች።