የጤና ጣቢያው ሰልፍ

ጡረታ የወጣውን የጂኦግራፊ አስተማሪ የድሮ ጓደኞቹ «ማይኩ» ይሉት ነበር፤ በወጣትነቱ ሰልፍ ሲመራ ድምፅ ማጉያ አያስፈልገውም ነበርና። የደከመለት ፓርቲ ሥልጣን ላይ ወጥቶ፣ እንደቀደሙት ሁሉ ለሕዝቡ ጆሮ ዳባ ልበስ ሲል ግን ሬዲዮኑን ዘግቶ ቤቱ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ታላቅ እህቱ እግሯ አብጦ ከጤና ጣቢያ ተመለሰች።

«ምን ሆንሽ እትዬ?»

«ግፊቴን ለመለካት ሦስት ሰዓት ቆሜ ነዋ። መቀመጫ የለ። ዕድሜህን ሙሉ ለአገር ስትጮህ ኖርክ፤ እስቲ ለኔ እግር አንዴ ጩህ።»

እየሳቀች ነበር የተናገረችው። እሱን ግን ነገሩ ከነከነው። በቀጠሮዋ ቀን አብሯት ሄደ። አሮጊት፣ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ያዘለች፣ ሁሉም ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የካርድ ክፍል ሠራተኛዋን ጠየቃት።

«አግዳሚዎቹ ተሰባብረው መጋዘን ገብተዋል። የሚጠግን ከተገኘ ማን ይጠላል?» አለችው።

የሚጠግን ሰው አላጣም። አናጢው የትግል ጓዱ ነበር፤ ፓርቲው ለሁለት ሲሰነጠቅ ተኳርፈው አሥራ አንድ ዓመት ሰላምታ አልተለዋወጡም። ደጁ ሲደርስ የሰጋቱራው ሽታ ተቀበለው። የመፈክሮቻቸውን እንጨት የላጉት እዚሁ ግቢ ነው፤ አንድ ብርጭቆ ሻይ ለሦስት እየተቃመሱ፣ ለከርሞ ሁሉ ነገር ይለወጣል እያሉ።

አናጢው ከመላጊያው ቀና አለ። «ደግሞ ሰልፍ አለ እንዳትለኝ።»

«አለ እንጂ። ጤና ጣቢያ በር ላይ። ሰዉ መቀመጫ አጥቷል።»

አናጢውን ሳቅ አመለጠው። በርጩማ ሳበለት።

ሰባቱን አግዳሚ ለመጠገን አራት ቀን ፈጀባቸው። ማይኩ ምስማር እያቀበለው፣ የሞቱትን ጓዶች አንድ በአንድ አነሱ።

«ሞኞች ነበርን» አለ አናጢው።

«ነበርን። ግን ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

አናጢው የያዘውን ምስማር መትቶ ጨረሰ። «እኔም» አለ።

አግዳሚዎቹ በገቡ ማግስት እህቱ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለችው ነፍሰ ጡር፣ «አሁን ደግሞ ደጅ ለሚጠብቁት ጥላ ቢኖር» አለች። ሌላዋ የውኃውን ቧንቧ አነሳች። እህቱን አጅቦ የመጣው ማይኩ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፈ።

ያ ዘመን እንደማይመለስ ያውቃል፤ ዛሬም ይናፍቀዋል። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከአናጢው ጋር ሜትር ይዘው፣ ጤና ጣቢያው ደጅ የሚሠሩትን ጥላ ቁመት እየተከራከሩ ሲለኩ ታዩ።