ተረኛው

ሰውዬው ዛሬም መጣ። በሩ አጠገብ ያለችውን የፕላስቲክ ወንበር መርጦ ተቀመጠ፤ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ብዙም ሳይቆይ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

ሶፋ ሠሪው ከግድግዳው ሥር ሆኖ ያየዋል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ሰው እንደሞላ ነው የሚውለው፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ጣውላ የሚያቀርቡለት ነጋዴዎች፣ የእሷ መሥሪያ ቤት ሰዎች። ሁሉም ያለቅሳሉ፤ ሁሉም ሻይ ይጠጣሉ፤ ከዚያ ስለ ኑሮ ውድነት ትንሽ አውርተው ይሄዳሉ። ይሄኛው ግን አያወራም። ሻይ ሲሰጡት ይቀበላል፣ ሻዩ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። ለቅሶውም ለይሉኝታ የሚለቀስ አይደለም። ሶፋ ሠሪውን ያንገበገበው ይሄ ነው። እሱ ባሏ ሆኖ ከቀብሩ ወዲህ አንዲት ዘለላ እንባ አልወጣችለትም።

«ማነው ይሄ?» አለች ታላቅ እህቱ፣ ኩባያ የምትሰበስብ መስላ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብላ።

«የሥራ ባልደረባዋ ነው።»

«ምን ዓይነት ባልደረባ ነው በል? የሥጋ ዘመዶቿ እንኳ እንዲህ አልሆኑ።»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ሰው ማውራት ጀምሯል። እንድታውቀው ብዬ ነው» አለችና ኩባያዎቿን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እህቱ ክብሪት ጭራ፣ ጣል አድርጋ መሄድ ታውቅበታለች።

እውነቱን ለመናገር ሶፋ ሠሪው የእሷ ክብሪት አላስፈለገውም። ሰውዬውን ፊቱን ሳያይ ድሮ ጠልቶታል። ሚስቱ «ተረኛው» ነበር የምትለው። ተረኛው ደወለ፤ ተረኛው እንዲህ አለኝ፤ ተረኛው ባይኖር ዛሬ ጉድ ፈልቶ ነበር። ቃሉን በሰማ ቁጥር ሶፋ ሠሪው ራሱን ይጠይቅ ነበር፤ ተረኛው የምኑ ተረኛ ነው?

ሚስቱ የሆስፒታሎችን የሕሙማን መረጃ የምትጠብቅ መሐንዲስ ነበረች። ቀድሞ እያንዳንዱ ሆስፒታል መረጃውን ምድር ቤቱ ውስጥ ባስቀመጠው ማሽን ነበር የሚይዘው፤ ማሽኑ ሲቃጠል የሰው ታሪክ አብሮ ይቃጠላል። የእሷ መሥሪያ ቤት ይህንን ሁሉ ወደ ክላውድ ያዛውር ነበር።

«ክላውድ ደግሞ ምንድነው?» ብሏት ነበር በተጋቡ ሰሞን።

«ደመና ማለት ነው። መረጃው ሩቅ ቦታ፣ ብዙ ማሽኖች ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። በሽተኛው የትኛውም ሆስፒታል ቢሄድ ሐኪሙ ከፍቶ ያነብለታል።»

ከዚያ ወዲያ ለደንበኞቹ ሁሉ «ሚስቴ ደመና ላይ ነው የምትሠራው፤ ዝናቡን ግን እስካሁን አላየሁትም» እያለ ያስቃቸው ነበር። እሷም ትስቅ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ።

ችግሩ ደመናው አለማረፉ ነው። ሁለት ሆነው በተራ ይጠብቁታል፤ አንዷ እሷ ናት፣ ሌላው ተረኛው። ምሳ ቀርቦ ስልኳ ይጮኻል። ሰርግ ቤት ሙሽሮቹ ሲገቡ ስልኳ ይጮኻል፤ እሷም ተረከዟን አንስታ ወደ ጓሮ ትወጣና፣ ኮምፒውተሯን ደረጃ ላይ ዘርግታ ትቀመጣለች። «አገልግሎቱ ሲቆም እኮ የሆነ ቦታ አንድ ሐኪም እጁን አጣጥፎ ይቆማል» ትለዋለች ስትመለስ። ምን ይበል? በበሽተኛ የሚጨክን ክፉ ሰው ላለመባል ዝም ይላል።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ቆማ በስልክ ስታወራ በመስኮት አያት። ትስቃለች። ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቅር ትስቃለች። ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ገና ሳይጋቡ ሱቁ መጥታ፣ ልብስ ያልለበሰ ሶፋ ላይ ተቀምጣ፣ ስፖንጁን እየቦጨቀች የምትስቀው ሳቅ ነበር። የት እንደሄደ ግራ ገብቶት ኖሯል። ለካስ ሌላ ሰው ጋር ነበር።

ስትገባ «ከዚህ ስልክና ከእኔ ምረጪ» አላት።

ትክ ብላ አየችው። «እሺ» አለች፣ «ድምፁን እቀንሰዋለሁ።»

ከዚያን ቀን በኋላ እቤት ውስጥ ስልኳ አልጮኸም። ተረኛው የሚለውም ቃል አልተሰማም፤ ስለ ሥራዋ አንድም ነገር አታነሳም። ሶፋ ሠሪው ያሸነፈ መስሎት ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት ጫማዋን ስታስር እንዳጎነበሰች ቀረች። ሐኪሞቹ ልቧ ነው አሉ።

ዛሬ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል ተረኛው ከወንበሩ ተነስቶ መጣና ሶፋ ሠሪው ፊት በርከክ አለ።

«ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት እንዲህ ያለ ነገር ማንሳት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የእሷ ስልክ የት ነው ያለው?»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለሥራው ነው። ከማለፏ በፊት የመጨረሻውን ሆስፒታል ማዛወር ጀምራ ነበር። የድሮውን ማሽን ዘግታዋለች፤ አዲሱ ደግሞ ተፈትሾ አልተከፈተም። ዋናው ቁልፍ በእሷ ስም ነው ያለው። ልንገባ ስንል የማረጋገጫ ቁጥር ወደ ስልኳ ይልካል። ባለ ክላውዶቹን በሌላ ሰው ስም አዙሩልን ብንላቸው የሞት ምስክር ወረቀት፣ ደብዳቤ፣ ማኅተም ይሉናል። እስከዚያ ሐኪሞቹ የበሽተኛ ታሪክ ማየት አይችሉም።»

ስልኩ ሶፋ ሠሪው ደረት ኪስ ውስጥ ነበር። በሰውነቱ ሙቀት ሞቋል። ሰው ዞር ባለ ቁጥር እያወጣ ሊከፍተው ሞክሯል። የልደቷን ቀን አስገባ፤ አልከፈተም። የተጋቡበትን፤ አልከፈተም። የሱቁን ስልክ የመጨረሻ ቁጥሮች ሁሉ ሞክሯል። ፈልጎ የነበረው ሆስፒታል አልነበረም። ከዚህ ሰውዬ ጋር ምን ምን እንደተባባሉ ማንበብ ነው የፈለገው።

«ጠፍቷል» አለ።

«ጠፋ?»

«በግርግሩ መሃል ጠፋ አልኩህ እኮ።»

ተረኛው ዓይኑን የሶፋ ሠሪው ደረት ኪስ ላይ ትንሽ አሳረፈ። ከዚያ ወደ መሬት መለሰው። «ከተገኘ ይደውሉልኝ» ብሎ ቁጥሩን ለእህቱ ትቶላት ሄደ።

በማግስቱ አማቱ ወደቁ። ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠው የልጃቸውን ስም እየጠሩ ሳለ ድምፃቸው ተቆረጠና በጎናቸው ተንሸራተቱ። ሶፋ ሠሪው በእቅፉ ተሸክሞ፣ የጣውላ ነጋዴው መኪና ላይ አሳፍሮ፣ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ወሰዳቸው። የሚታከሙበትም እዚያው ነው።

ወጣቷ ሐኪም የደም ግፊታቸውን እየለካች ጠየቀችው። «ምን ዓይነት መድኃኒት ነው የሚወስዱት?»

«የግፊት… አንዲት ቢጫ ክኒን አለች። ሌላም አለ።»

«የማይስማማቸው መድኃኒትስ? ከዚህ በፊት መርፌ ተወግተው አብጠው፣ አፍኗቸው ያውቃል?»

«ልጃቸው ናት የምታውቀው» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ለልጃቸው ይደውሉላታ።»

ሐኪሟ ጥቁር ልብሱን አየችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ። ካርዳቸውን ከፍቼ አይ ነበር፤ የድሮው ከተዘጋ ሰነበተ፣ አዲሱ እስካሁን አልተከፈተልንም። ሳላውቅ መርፌ ልወጋቸው ደግሞ እፈራለሁ።»

ሶፋ ሠሪው ኮሪደር ላይ ወጣ። ሚስቱ አንድ ሐኪም እጁን አጣጥፎ ይቆማል ያለችውን እንደ ቀልድ አልፎት ነበር። ደረት ኪሱን ነካው። ከዚያ አብራው ወደ መጣችው እህቱ ዞረ።

«ያ ሰውዬ የሰጠሽ ቁጥር አለ?»

«የትኛው ሰውዬ? ያ?»

«አዎ፣ ያ። ስጪኝ።»

ተረኛው እየሮጠ ነው የመጣው፤ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል። ሶፋ ሠሪው ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት። ተረኛው ምንም አልጠየቀም፣ የት ተገኘም አላለም። አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ከፈተና በሌላ እጁ ስልኩ ላይ ቁጥሮች ነካ ነካ አደረገ። ስልኩ ተከፈተ። ለባሏ አሻፈረኝ ያለው ስልክ ለዚህ ሰው በአንዴ እጁን ሰጠ።

ሶፋ ሠሪው ከጆሮው ሥር የሚያቃጥል ነገር ተነስቶ ፊቱን ሲያዳርሰው ተሰማው። ግን አማቱ በሩ ወዲያ ተኝተዋል፤ ጥርሱን ነክሶ ጠበቀ። ተረኛው ለቢሮው ደወለ፤ የድሮውንና የአዲሱን መረጃ ጎን ለጎን አስተያየ፤ አንድ ቦታ ላይ አልገጠመለትም መሰል፣ ተመልሶ ሠራው። ከንፈሩን እንደ እሷ ይነክሳል። እሷ ከእሱ ወስዳው ይሁን እሱ ከእሷ፣ ማን ያውቃል።

«ክፈቱት በሏቸው» አለ በመጨረሻ።

ሐኪሟ ክፍሏ ውስጥ ገብታ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። «ልሰጣቸው ያዘጋጀሁት መርፌ ከዚህ በፊት ሊገድላቸው ነበር። ተጽፏል። ሌላ ሰጥተናቸዋል፤ ይተርፋሉ።»

እህቱ ወደ አማቱ ገባች። ሁለቱ ወንዶች አግዳሚው ላይ ቀሩ።

«ቁጥሩን ከየት አወቅኸው?» አለ ሶፋ ሠሪው።

«እሷ ሰጥታኝ ነው። ደንቡ አይፈቅድም፤ ግን ለሕክምና ስትሄድ የግድ…» አለና ተረኛው አቋረጠ።

«የምን ሕክምና?»

ተረኛው ዞሮ አየው። «አልነገረችዎትም እንዴ?»

«የምን ሕክምና ነው የምልህ?»

«የልብ። ከዓመት በላይ ሆኗታል። እሷ ለምርመራ ስትሄድ ተራዋን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። እነግረዋለሁ እነግረዋለሁ ትለኝ ነበር። ‹አሁን ከሰማ ሥራሽ ነው ያመጣብሽ ብሎ ያስተወኛል፤ ይህ የመጨረሻው ሆስፒታል ይዛወርና እኔው ቁጭ አድርጌ እነግረዋለሁ› አለችኝ። እኔ ልነግርዎት ሱቅዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ እርስዎ ጣውላ ይልጉ ነበር። በር ላይ ቆሜ ቆሜ ተመለስኩ። ብነግርዎት ኖሮ ምናልባት…»

ሶፋ ሠሪው የሰውዬውን ለቅሶ ምክንያት አሁን አገኘው። ግን አላረፈም። ውሽሞች ቢሆኑ ኖሮ፣ ተደብቀው ቢገናኙ ኖሮ፣ ተነስቶ አንገቱን ማነቅ ይችል ነበር። ይሄ ሰው የወሰደበት ከዚያ የባሰ ነው። ስትፈራ ያያት እሱ ነው። ከሐኪም ወጥታ ስትደውል «ምን አለሽ?» ያላት እሱ ነው። እንዲህ እንዲሆን በሩን ከፍቶ ያስገባው ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፤ ምረጪ ያላት ዕለት ራሱ ሶፋ ሠሪው ነው። ይህንን ቀስ ብሎ፣ እንደ መራራ ክኒን ዋጠው፤ አልወረደለትም።

«ስለ እኔ ታወራ ነበር?» አለ፤ መጠየቁ ራሱ እያሳፈረው።

«ሁልጊዜ። ምስማር በከንፈርዎ ይዘው እንደሚያወሩ፣ እሷ አንድም ቃል ሳይገባት አዎ አዎ እንደምትልዎት። አንድ ጊዜ እንዲሁ አዎ ብላ ለካ የሳሎኗን ሶፋ ለሰው ይሸጡባት ዘንድ ፈቅዳ ኖሯል። ያንን ስትነግረኝ እንዴት እንደሳቀች።»

የሸጡት ሶፋ ትዝ አለው። ሰሞኑ ያው የበረንዳው እሁድ ሰሞን ነበር። ደስ ይበለው ወይስ ይቃጠል፣ መለየት አቃተው። የእሱንና የእሷን ቀልድ እንኳ ቀድሞ የሳቀው ይሄ ሰው ነው።

አማቱ ደህና አደሩ። በነጋታው ሐዘንተኛው እንደገና ቤቱን ሞላው። ተረኛው መጣና ወደ በሩ ወንበር አመራ። ሶፋ ሠሪው አየው። ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ መጀመሪያም እንደዚያ አስቦ ነው ያደረው። ግን ራሱ የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ትንሽ ጠጋ አለ፤ አንድ ሰው ለመቀመጥ የምትበቃ ያህል ብቻ፣ ከዚያ አንዲት ስንዝር ሳያስተርፍ። ተረኛው ገባውና መጥቶ ጎኑ ተቀመጠ። ታላቅ እህቱ ከጓዳው በር ላይ ሆና ዓይኗን አፈጠጠች።

አንድ የሠፈር ሽማግሌ ገቡ። የሶፋ ሠሪውን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ» አሉት። ሲያበቁ ተረኛውን አልፈው ወደ ባዶ ወንበር ሊሄዱ እግራቸውን አነሱ።

ሶፋ ሠሪው እጃቸውን አልለቀቀም። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ቆሙ። እሱ ማንንም ሳያይ እጃቸውን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ወሰደና የተረኛው መዳፍ ላይ አኖረው።