ቀድሞ የገባው

ሁለቱን የአሞኒያ ጠቋሚዎች ከካርቶናቸው ካወጣሁበት ሰዓት ጀምሮ ጠላኋቸው። አድ ሃሎም በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለው ጠባብ ሥራ ቤታችን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘኋቸው። ማንኛውም ደህና መሣሪያ ሲሰካ መለያ ቁጥሩን ይናገራል፤ ፋብሪካው ሆዱ ውስጥ ጽፎ ይልከዋል። እነዚህ ግን ሁለቱም ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ አሉኝ፤ ኮምፒውተሩ አንዱን ከሌላው የሚለይበት ነገር የለውም። የሠራቸው ሰው እጁን ይቁረጠው፣ አንድ ቁጥር መጻፍ ከብዶት ነው።

አለቃዬን ጋዲን ይመለሱልን አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ማቀዝቀዣ መጋዘኑ እሑድ ይከፈታል፣ ድራይቨሩን አስተካክዪና ይሂዱ አለኝ። ድራይቨር ኮምፒውተሩን ከመሣሪያው ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም ነው፤ እንጀራዬም እሱ ነው። ግን በዚያ መጋዘን ዓሣና ዶሮ የሚደረድሩት አባቴ አምባቸውና አጎቴ ሽባባው ናቸው። የማቀዝቀዣው መርዛማ ጋዝ፣ አሞኒያ፣ ቢያፈተልክ ከመጋዘኑ ሁለት ክፍሎች ከየትኛው እንደሆነ የሚናገሩት እነዚህ ጠቋሚዎች ብቻ ናቸው።

እየተናደድኩም ቢሆን መላ አላጣሁም። መላውን ያገኘሁት ከቤቴ ነው። ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ ሜርካዝ ክሊታ በሚባለው የአይሁድ ስደተኞች መቀበያ የተቀበለን ጸሐፊ ሁለቱንም ወንድማማቾች መናሼ ብሎ መዘገበ። የልደት ቀናቸውንም አንድ አደረገው። አባቴ ጸሐፊን እንቢ ማለት ነውር መስሎት ዝም አለ። የኩፓት ሆሊም፣ የሕክምና መድኅን፣ ካርዳቸው ቁጥሩ ቢለያይም የትኛው የማን እንደሆነ እነሱም አንብበው አይለዩም። ስለዚህ ክሊኒክ ሲሄዱ ታላቅየው፣ አባቴ፣ ምንጊዜም ቀድሞ ይገባል፤ አጎቴ ይከተላል። ነርሷ ሮኒትም የፊተኛውን ፋይል ለፊተኛው ሰው መክፈት ለመደች።

እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ቀድሞ የነቃውን ጠቋሚ ክፍል አንድ፣ ተከትሎ የነቃውን ክፍል ሁለት ብለህ ቁጠር ብዬ ድራይቨሩ ላይ ጻፍኩ። ሠራ። ጋዲም አበጀሽ ንግሥቴ አለኝ።

ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር፣ አልዋሽም። አምና አባቴ እግሩን አሞት ውጭ ሲቀመጥ አጎቴ ቀድሞ ገባና የአባቴን የደም ግፊት መድኃኒት ይዞ ወጣ። ያንን ውጦ ሮቫ ሄ ሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ወደቀ። ያቺን መስመር ስጽፍ ይኸው ትዝ ብሎኛል። እሑድ ይለፍና አስተካክለዋለሁ አልኩ። እሑዱ አለፈ፣ ሌላም ሁለት እሑድ አለፈ፣ እኔም ሳልነካው ቀረሁ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጋዲ ከመጋዘኑ የተደወለለትን ስልክ እንደያዘ እየሳቀ ገባ። ሥራሽ ሰው አዳነ አለኝ። ክፍል አንድ ውስጥ አሞኒያ አፈትልኮ ጠቋሚው ጮኸ አሉ። የመውጫው ኮሪደር በክፍል አንድ በር ስለሚያልፍ፣ ደንባቸው እንደሚለው ሠራተኛውን በሙሉ ክፍል ሁለት አስገብተው በሩን ዘግተዋል።

ጠዋት መብራት ጠፍቶባቸው ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ለአምስት ደቂቃ ብቻ፣ ምን አገናኘው አለኝ።

መብራት ሲሄድ ሁለቱም ጠቋሚዎች ይተኛሉ። ሲመለስ ማን ቀድሞ እንደሚነቃ የሚያውቅ የለም። ተገልብጠው ከነቁ ክፍል አንድ የሚለው ጩኸት የክፍል ሁለት ነው። ጋዲን ለመጋዘኑ ደውልልኝ፣ የሚያፈሰው ሁለተኛው ክፍል ነው በላቸው አልኩት። እኔ ለአባቴ ደወልኩ። በአራተኛው ጥሪ አነሳ።

«አባባ፣ አሁኑኑ ከዚያ ውጡ። በሩን ያስከፍቱ።»

«አትስጊ ልጄ» አለኝ። ሳል አቋረጠውና ቆይቶ ቀጠለ። «ጋዙ እንዳይገባብን ብለው ከውጭ ቆልፈውልናል። ዓይን ይቆጠቁጣል እንጂ ደህና ነን።»

ጋዲ ከጠረጴዛው ማዶ ራሱን ነቀነቀ፤ የመጋዘኑ ስልክ ተይዟል። አጎቴ የት እንዳለ አባቴን ጠየቅሁ።

«ከኋላዬ ነው» አለኝ። «እንደ ልማዳችን እኔ ቀድሜ ገባሁ።»