ዩሊሳ ያመሰገነቻቸው ሰዎች

ኦቲሊያ ከአዳራሹ በር አጠገብ ያለውን ወንበር የመረጠችው ድንገት አንድ ነገር ቢፈጠር ልጇን ይዛ ለመውጣት ነበር።  አሁንም አሁንም ወደ ኋላ ትዞራለች፤ የሚገባውን ሰው ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ታየዋለች።

የከተማው ኮሌጅ ተማሪዎቹን ለግማሽ ዓመት ወደ ገጠር ይልካል። ሲመለሱ የተማሩትን በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ ያቀርባሉ። በሩ ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ገብቶ ይሰማል። ኦቲሊያን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር።

አንድ ልጇ ዩሊሳ የውሃ ጥናት ተማሪ ናት። የቆየችው ሴማሽ በምትባል የወንዝ ዳር መንደር፣ በዶን ሴባስቲያን ቾክና በሚስቱ በዶኛ ማቲልዴ ቤት ነው። በዚያ ወንዝ ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል፤ የታጠቡበት ሕፃናት ገላቸው ይቆስላል። ከመንደሩ በላይ የፓልም ዘይት ፋብሪካ አለ። ባለፈው ዓመት ስለዚያ ወንዝ ደጋግሞ የጠየቀ አንድ አስተማሪ ነበር። ሞተር ብስክሌቱ ከነቁልፉ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ፤ እሱ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጠዋት የልጇን ፀጉር እየጎነጎነች መክራታለች።

"ውሃው ቆሻሻ ነው በይና ውረጂ። ከየት መጣ፣ ማን ለቀቀው፣ እንዳትዪ።"

"እማ፣ እኔ የማወራው ስለ ውሃ ነው። የሰው ስም አላነሳም።"

"ውሃውም እኮ ባለቤት አለው።"

"አቤት አንቺ! ካፊያ ሲጥል ተራራው ሲናድ ነው የሚታይሽ።"

"ተንዶ አያውቅም?"

ዩሊሳ ሳቀች። "እሺ፣ ሌላስ ትዕዛዝ?"

"ያበሉሽን ሰዎች አመስግኚ። ስማቸውን ጠርተሽ። ልጇን አላሳደገችም እንዳይሉኝ።"

በዚያ ከተማ ይህን የማትል እናት የለችም። የሰው ማዕድ ቀምሶ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ያስተናገደውን ሰው በስሙ ሳይጠራ የሚወርድ ሰው እንደ ከዳተኛ ይታያል። ሠርግም ይሁን ለቅሶ ንግግር የሚያልቀው በምስጋና ነው፤ የሰው ስም ከነአባቱ ተጠርቶ ይጨበጨባል።

መጀመሪያ የወጣው ማይኖር የተባለ ቀጭን ልጅ ነው። የሄደው ሄል ወደሚያመርቱ ገበሬዎች ነበር።

"በግማሽ ዓመት ሁለት ነገር ተምሬያለሁ" አለ። "ሄል በእንጨት ጭስ ሲደርቅ ሽታው ይበላሻል። የኔ ካልሲ ደግሞ በምንም አይደርቅም።"

"ያስታውቃል! እዚህ ድረስ ይሸታል!" አለች ከፊት የተቀመጠች አክስቱ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ኦቲሊያም ፈገግ ልትል ስትል ከበሩ በስተግራ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው አየች። የገለባ ኮፍያ አድርጓል። ባዶ ወንበር ሞልቷል፤ እሱ ግን አልተቀመጠም። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱ አልሳቀም። የማን ዘመድ እንደሆነ አጠገቧ ያለችውን ሴት ጠየቀቻት።

"እኔ እንጃ። የኮሌጁ ሰው ይሆናል" አለቻት ሴትዮዋ።

ዩሊሳ ወጣች። ነጭ ሸራው ላይ የወንዙን ፎቶ አሳየች፤ ከላይ ጥርት ያለ፣ ከታች አረፋ የለበሰ ጥቁር ውሃ። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ እንዳለና ዝናብ ሲበረታ ብቻ እንደሚከፈት ተናገረች። የፋብሪካውን ስም አላነሳችም። የማነው ብሎ የጠየቀም አልነበረም።

ኮፍያ ያደረገው ሰው እጁን አወጣ።

"ሴኞሪታ፣ ቧንቧው ሲከፈት በዓይንሽ አይተሻል?"

"አላየሁም። የአካባቢው ሰዎች ናቸው የነገሩኝ። ቦታውንም አሳይተውኛል።"

"የትኞቹ ሰዎች?"

ኦቲሊያ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ" አለች ዩሊሳ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ሰውየው አንገቱን በትሕትና ዝቅ አደረገ። ኦቲሊያ ትንፋሿ ተመለሰላት። ጎሽ የኔ ልጅ፣ አለች በልቧ፤ ይኸው አለቀ፣ አሁን ውረጂ።

ዩሊሳ ግን አልወረደችም። ምስጋናው ቀርቷታል።

"ይህ ሁሉ ያለ ሰው ደግነት አይሆንም ነበር። ዶን ሴባስቲያን ቾክን አመሰግናለሁ። እሱ እየመራ ባይወስደኝ የዚያን ወንዝ አንድም ጥግ አላውቅም ነበር። ዶኛ ማቲልዴንም፤ የሷን የቱርክ ዶሮ ሾርባ እንኳን እኔ ልብሶቼም አይረሱትም፣ ጠበውኛል!"

ሰው እየሳቀ አጨበጨበ። ኦቲሊያም አጨበጨበች። እንዲያውም ከሁሉ አስበልጣ ነው ያጨበጨበችው፤ ልጇ በሥርዓት ያደገች መሆኗን ሰው እንዲያይላት። ግራ ቀኝ ስትመለከት ኮፍያ ያደረገው ሰውዬ የቆመበት ቦታ ባዶ ነው። እጆቿ ሳይገናኙ አየር ላይ ቀሩ።

ተነስታ ወደ ደጅ ወጣች። ካፊያ ነው። ሰውየው መስታወቱ የጠቆረ ፒክ አፕ አጠገብ ቆሞ ስልክ ያወራል። "ቾክ" ሲል ሰማችው። "አዎ፣ ሴባስቲያን። ሴማሽ።" ገባና ሄደ፤ መኪናው ታርጋ የለውም።

ስትመለስ ታማል፣ በቅጠል የተጠቀለለ የበቆሎ ምግብ፣ እየታደለ ነው። ልጇን ከጓደኞቿ መሀል በክንዷ ጎትታ አወጣቻት።

"ማን እንዳሳየሽ ነገርሻቸው።"

"ኧረ አልነገርኩም! አልሰማሽም እንዴ?"

"ቃል ገብቻለሁ አልሽ፤ ከዚያ 'እየመራ የወሰደኝ' ብለሽ አመሰገንሽው። ያ የጠየቀሽ ሰውዬ ይህን ሰምቶ ወጣ፤ ደጅ ስሙን በስልክ ሲያቀብል ሰማሁት።"

ዩሊሳ አፏ ውስጥ ያለውን ማላመጥ አቆመች። ስልኳን አውጥታ ደወለች። ዶን ሴባስቲያን ስልኩ የሚሠራው ትምህርት ቤቱ ካለበት ጉብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ነው። አይነሳም። ደግማ ደወለች።

ማይኖር መጣ። "ምን ሆናችሁ? ታማሉ በነፃ ነው፣ ብሉ እንጂ።" ሲነግሩት ፊቱ ተለወጠ፤ ሮጦ ኃላፊውን መምህር ይዞ መጣ።

"መደናገጥ አያስፈልግም" አለ መምህሩ። "ሰኞ ለማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ እንጽፋለን።"

"ፖሊስስ?" አለ ማይኖር።

"ፖሊሶቹ በማን ነዳጅ እንደሚንቀሳቀሱ አታውቅም?" አለችው ኦቲሊያ። ወደ ልጇ ዞረች። "ነይ፣ እንሂድ።"

"ቤት?"

"ሴማሽ።"

ዩሊሳ እናቷን የማታውቃት ሴት ይመስል አየቻት። ግማሽ ዓመት ሙሉ በየስልኩ "ነይ ተመለሺ" ስትላት የከረመች እናት ናት።

"አንቺ እዚህ ቅሪ፤ እኔ ልሂድ" አለች ልጅቷ።

"ስማቸውን ጠርተሽ አመስግኚ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ዝም ብለሽ ነይ።"

ወደ ሴማሽ የሚሄደው ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ አልነሳም አለ። ኦቲሊያ ሹፌሩን ለመነችው፤ ተሳደበችውም።

"እማማ፣ ባዶ ወንበር ነዳጅ አይገዛልኝም" አላት።

ሲነሳም በየመታጠፊያው እየቆመ ያወርዳል፣ ይጭናል። መንገዱ ላይ ጭቃው ውስጥ የሰፊ ጎማ አዲስ ምልክት ነበር። ሁለቱም አዩት። ዩሊሳ ትደውላለች፣ ትዘጋለች፣ ትደውላለች።

ሴማሽ ሲደርሱ ዶኛ ማቲልዴ ከቤቷ ደጃፍ እጇን ዘርግታ እየሳቀች መጣች።

"ልጄ! በትልቁ አዳራሽ ስማችንን ጠራሽው አሉ!"

"ማን ነገረሽ?"

"እንግዳው ነዋ። ከኮሌጁ ነው የመጣሁት አለን። ሴባስቲያን ደስታው ልክ የለውም፣ ንጹሕ ሸሚዝ ቀየረ። ቧንቧውን ላሳይህ ብሎት ወደ ወንዙ ወረዱ። ቆዩ እኮ፤ ሾርባው ቀዘቀዘባቸው።"

ዩሊሳ ወደ ወንዙ መንገድ ዞረች። የተናገረችው ኦቲሊያ ናት።

"ዶኛ ማቲልዴ፣ ጎረቤቶችሽን ጥሪ። አሁኑኑ።"

ዶኛ ማቲልዴ የእናትየውን ፊት አየች፤ የልጅቷን ፊት አየች።  ከምድጃው የድስቱን ክዳን አንስታ ደጃፉ ላይ በማማሰያ ትቀጠቅጠው ጀመር። ከየማዕድ ቤቱ ሴቶች ወጡ፤ እጃቸው ሊጥ እንደነካ፣ ልጅ እንዳዘሉ። ወንዶቹ ማሳ ናቸው። ወደ ወንዙ የሚወስደውን ጠባብ መንገድ ሞልተው ቁልቁል ሄዱ። ኦቲሊያ የልጇን እጅ አንጓ እንደ ሕፃን ጨብጣ ይዛለች።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ፒክ አፑ ሽቅብ መጣባቸው። ሴቶቹ ስላልለቀቁለት ቆመ። ሰውየው መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ኮፍያውን አነሳ። ብቻውን ነው። የኋላው መጫኛም ባዶ ነው።

"እንደምን ዋላችሁ። ሴኞሪታ ዩሊሳ፣ ንግግርሽ ግሩም ነበር።" ዓይኑን ወደ ኦቲሊያ መለሰ። "እርስዎም እናትዬ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ስላሳደጉ እንኳን ደስ አለዎት።"

"ዶን ሴባስቲያን የታለ?" አለች ዩሊሳ።

"ወንዙ ዳር ነው። ትንሽ ደክሞታል።"

መስታወቱ ተዘጋ። መኪናው ሴቶቹን ወደ ቁጥቋጦው እየገፋ ቀስ ብሎ አለፈ።

ዶኛ ማቲልዴ መሮጥ ጀመረች። "ሴባስቲያን!" ትላለች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ዝናቡ የሞላው ወንዝ ከታች ይጮኻል፤ ከዚያ ሌላ የሚመልስ ድምፅ የለም። የኦቲሊያን ጫማ ጭቃው ያዘው። ዩሊሳ ወደ ፊት ትጎትታታለች።

ኦቲሊያ የጨበጠችውን የልጇን እጅ ለቀቀች።

"ሂጂ" አለቻት። "አትጠብቂኝ፣ አንቺ ሩጪ።"