ሪሴፕሽን የሌላት ክፍል

ይሁኔ በሥራ ተመድቦ ጂንካ የመጣ ጊዜ፣ ቤት እስኪያገኝ ያደረው እኛ ግቢ፣ እኔ ባሠራኋት ክፍል ነው። አልጋውን የምታነጥፍለት እናቴ ነበረች፤ ኪራዩን የምቀበለው እኔ። ትናንት ከቢሮው ማሸጊያ ወረቀትና ሙጫ ይዞ ሲመጣ ማንንም መንገድ አልጠየቀም። ያውቀዋላ።

«እንደምን ዋልሽ ሮዳስ» አለኝ፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ቆርቆሮ እያሸሸ። «መመሪያውን ሰምተሻል። በቀን የሚከራይ ክፍል ሪሴፕሽን፣ ፓርኪንግና የራሱ ሻወር ይኑረው ተብሏል። የሌለው ይታሸጋል።»

«አንተ እዚህ ስታድር መኪናህን የት ነበር የምታቆመው?»

ከቢሮው አብራው የመጣችው ልጅ ሳቋን በእጇ አፈነች። እንኳን መኪና ሊኖረው፣ ያን ጊዜ የሻንጣው ዚፕ ተበጥሶ በገመድ ታስሮ ነበር የመጣው።

«ያኔ መመሪያ አልነበረም» አለ።

ክፍሏ ውስጥ ከአዲስ አበባ፣ አገር ልታይ የመጣች ሄለን የምትባል እንግዳ ነበረች። ድምፃችንን ሰምታ በሩ ላይ ቆመች። እናቴም ከጓሮ ደረሰች።

«ይሁኔ ልጄ፣ ይቺ እኮ ተከራይ አይደለችም። የእህቴ ልጅ ናት።»

እናቴ «እንግዳ አስከፍላ ታሳድራለች» መባልን እንደ ስድብ ነው የምትቆጥረው። ለጎረቤት ሁሉንም ዘመዴ ነው ትላለች። በእሷ አፍ ጃፓንም ጀርመንም ዘመድ አለን።

ይሁኔ ፊቱ ፈካ። «እንዲያ ከሆነማ ተገላገልን። እንደማታከራዩ ይፈርሙልኝና አላሽግም።»

እናቴ እስክሪብቶውን ለመቀበል እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ያኔ ደሜ ፈላ። ክፍሏን ያተረፈችልኝ መስሏታል። ሽንኩርት ቸርችሬ ያቆምኳትን ቤት በአንድ ፊርማ የዘመድ ማደሪያ ልታደርጋት ነው።

«አትፈርሚም እማዬ። አከራያለሁ። ለእሱም አከራይቼዋለሁ። ሰርቀን ነው የምናፍረው?»

«አፍሽን ያዢ አንቺ ልጅ» አለች።

«አልይዝም። ይሁኔ፣ አንሶላው ንፁህ ነው ወይ፣ በሩ ይቆለፋል ወይ ብትለኝ እጅህን ይዤ አስገባህ ነበር። ደረጃ አልጠላሁም። ውሃ በባጃጅ በጀሪካን እያስጫንኩ ለክፍሏ የራሷ ሻወር ትለኛለህ። እዚህ ሰፈር ፓርኪንግ ያለው ያ ትልቁ ሆቴል ብቻ ነው። መመሪያችሁ በእሱ ልክ የተሰፋ ነው።»

«እኔ ታዛዥ ነኝ ሮዲ።»

«ሮዲ አትበለኝ። አሽግ።»

ሄለን ሻንጣዋን አወጣች። ይሁኔ ወረቀቱን በሩ ላይ አጣሞ ለጠፈው። «ታዲያ እኔ ወደ ሆቴሉ ልሂድ?» አለችኝ ሄለን በለሆሳስ።

ሻንጣዋን ተቀብዬ እኔ የምተኛበት ቤት አስገባሁት። አልጋዬን ገፍፌ ንፁህ አንሶላ ዘረጋሁ።

«ይሄም እኮ ያው ነው፣ ክልክል ነው» አለ ይሁኔ በሩ ላይ ቆሞ።

«ነገ መጥተህ ይሄንንም አሽገዋ። ሄለን፣ ሒሳቡ አልተለወጠም፤ ዛሬ ግን በቅድሚያ ነው የምትከፍዪው፣ እሱ እያየ።»

ከፈለችኝ። እናቴ በኀፍረት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን ብሩን ይሁኔ ፊት ዘርግቼ ቆጠርኩና «አከራየች ብለህ ጻፍ» አልኩት፤ «ስሜን ከነአባቴ።»